በጉድጓድ ላይ የተሠራው ስድስተኛ ክፍል

ደላላው አስናቀው፣ «አማኑኤል ጀርባ ያለው ባለ ስድስት ክፍል የኪራይ ቤት በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ባዶ አድሮ አያውቅም» ይላል። በስድስተኛው ክፍል የምትኖረውና በርበሬ በመውቀጥ የምትተዳደረው ሠርኬ ደግሞ፣ «ከእኔ በፊት ሦስት ተከራዮች ክረምት ሲገባ ጥለውት ወጥተዋል» ትላለች። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በዚያው ቀን ይገባ ነበርና። ሰዎቹ ለምን እንደሚወጡ ግን አስናቀው አይናገርም።

ነገሩን የሰማሁት በሐምሌ ወር፣ አብነት ሰፈር ጋሼ ኪዳነ ማርያምን በአጋጣሚ ባገኘሁ ቀን ነው። ጎጃም በረንዳ ሠላሳ ዓመት በርበሬ የነገዱ፣ ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። የሟቹ አባቴ የሱቅ ጎረቤት ነበሩ።

«አንተ ልጅ፣ ኮሌጅ ጨረስክ አሉ! ነገ የቤት ግዢ ውል ልፈርም ነው። ና፣ አብረን እንየው» አሉኝ።

«እስካሁን አላዩትም እንዴ፣ ጋሼ?»

«ደጁን አይቻለሁ። አስናቀው ያገሬ ልጅ ነው፤ የሰው ጓዳ እየገባሁ ልመርምር? ነውር አይደለም?»

መንገድ ላይ እያሳላቸው ሦስት ጊዜ ቆሙ። «ሳንባዬን በርበሬው ጨረሰው። አልጋ ላይ ብወድቅ ማን ያጎርሰኛል? ያለኝ ገንዘብ ለዚህ ቤት የያዝኩት ብቻ ነው፤ ኪራዩ ይጦረኛል። ነገ ካልፈረምኩ ሌላ ገዢ አለ ብሎኛል።»

ገዢ ሲፈራ ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ አይጠይቅም።

«ኪራዩን እንዴት አሰቡት?» አልኳቸው።

«ስድስት ክፍል፣ አሥራ ሁለት ወር። ምን ያስቸግራል?»

«ክዳኑ ሲያፈስስ፣ ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪተካ፣ ግብሩም ሲመጣስ?»

«አንተ ደግሞ ሟርትህን ጀመርክ!»

«ሟርት አይደለም። እኔ ብሆን የአሥር ወሩን ብቻ ቆጥሬ፣ ከእሱም ላይ ለጥገና አስቀምጥ ነበር። መሬቱስ በማን ስም ነው? ቤቱ የሻጩ፣ የመሬቱ ይዞታ በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ባለይዞታው ተነሡ ሲልዎ ወዴት ይሄዳሉ?»

በትራቸውን እየተመረኮዙ መንገዱን ቀጠሉ። ይህን አልጠየቁም ነበር።

አስናቀው በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ጠበቀን። «ጋሼ፣ አስተማሪ ይዘው መጡ? ቤት ሊገዙ ነው ወይስ ፈተና ሊቀመጡ?» ብሎ ሳቀ።

አምስቱ ክፍሎች ያረጁ ቢሆኑም ደህና ነበሩ። ስድስተኛው ጋ ስንደርስ ሠርኬ ካፊያ እየመታት ደጅ ትወቅጣለች።

«እትዬ፣ ለምን ውስጥ አይወቅጡም?» ስል ጠየቅኋት።

«ውስጥ ስወቅጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ልጆቼ ይጮኻሉ።»

«ኪራይ እንዲቀነስላት ነው!» አለ አስናቀው።

«ገብቼ ባይ ይፈቅዱልኛል?» አልኳት።

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ይግቡ።»

ጋሼ ይህን ሰሙ። ጠይቆ መግባት ነውር እንዳልሆነ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል።

ሁለት ሕፃናት አልጋ ላይ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ዘነዘናውን ተቀብዬ በሩ አጠገብ ወለሉን መታሁ፤ ድምፁ ደረቅ ነው። ወደ መሐል ገብቼ ስመታ ግን እንደ ከበሮ አስተጋባ። ከዚያ ከእግሬ ሥር አፈር ሲንሸራተት፣ ትንሽ ቆይቶም ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ተሰማኝ። ክርፋት ወጣ። ግድግዳውን ተደግፌ አንድ አንድ እርምጃ እያልኩ ወጣሁ።

ጋሼ ፊታቸው አመድ መስሏል። «አስናቀው፣ ከታች ምንድን ነው?»

«ድሮ... መጸዳጃ ነበር። ባለቤቱ ግንድ ረብርቦ አፈር ደለደለበት። ሰባት ዓመት ችሏል እኮ!»

«ሰባት ዓመት እርጥበት ላይ የኖረ ግንድ ይበሰብሳል» አልኩ።

«ታዲያ አልግዛ? ጧሪ የለኝ፣ በረሃብ ልሙት?» ብለው ጋሼ ጮኹብኝ። ንዴት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው።

«ይግዙ፣ ጋሼ፤ ግን አይቸኩሉ። የመሬቱን ወረቀት ማዘጋጃ ቤት ያስመርምሩ፤ ቤቱን ግንበኛ ያሳዩ። ይህ ክፍል ይፍረስ፣ ጉድጓዱ ይደፈን፣ መጸዳጃውም ራቅ ብሎ በወጉ ይቆፈር። ከዋጋውም ይህን ያስቀንሱ። የአንድ ክፍል ኪራይ ይቀርብዎታል። ነገር ግን ተከራይ አይሸሽዎትም፣ ሕፃናት አይታመሙም፣ እርስዎም ዝናብ በጣለ ቁጥር በድንጋጤ አይነቁም።»

«ሌላው ገዢ ይህን ሁሉ አይጠይቅም» አለ አስናቀው።

«ሌላው ከገዛው እነዚህን ማን ያወጣቸዋል?» አሉ ጋሼ፣ ወደ አልጋው እየተመለከቱ።

ሠርኬ ሰማዩን አየች። «ዛሬም ሊያወርደው ነው።»

ጋሼ ኪዳነ ማርያም በትራቸውን ደጁ ላይ ተከሉ። ግቢው ሁሉ ሰማቸው። «አስናቀው፣ ለሻጩ ንገረው። ወረቀቱን ሳላስመረምር አልፈርምም፤ ከፈረምኩም የምገዛው አምስት ክፍል ነው፤ ስድስተኛውን አፈርሰዋለሁ። ሌላ ገዢ ካለው ይሽጥለት። አንቺ ሠርኬ፣ ዛሬ የምታድሩት እኔ ቤት ነው። ዕቃውን ተይው፤ መጀመሪያ ልጆቹን አውጪ!»