ያላፈሰሰው ፕላስቲክ

መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጎረቤቴን ሸህ ሰይድን ይዤ ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ ልወጣ ስል ያረጀችው መኪናዬ ከሥሯ ውኃ ስታንጠባጥብ አየሁ። ሸሁ ከልጅነት ጀምሮ አብሯቸው ቁርኣን የቀራ ወዳጃቸው ሞቶባቸው ለቅሶ ሊደርሱ ነው። ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የውኃ ቱቦዎቹ ከሞተሩ ጋር የሚያያዙባቸውን ሦስት ፕላስቲኮች ካየ በኋላ፣ «ሦስቱም ይቀየሩ» አለኝ። ያፈሰሰው አንዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። «ያፈሰሰውን ብቻ ቀይርልኝና ልሂድ» አልኩት። «ወላሂ አላደርገውም» አለ። «እኩያሞች ናቸው። አንድ ቀን ተገጥመው አንድ እሳት ሲበላቸው ኖሯል። አንዱ ከሄደ የሌሎቹም ቀን ደርሷል ማለት ነው።»

ሸሁ አጠገባችን መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። መካኒኩን ዝም እንዲል በዓይኔ ጠቀስኩት፤ አልገባውም። ጭራሽ ሁለተኛውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ነካ አድርጎ ጠርዙ እንዴት እንደሚፈረፈር አሳየኝ። የሸሁ ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ። «ሐቁን ነው፤ ሁሉንም ይቀይር» አሉ ቀስ ብለው።

ተቀየረና ሄድን። ለቅሶው ቤት ደርሰን በሩን ስከፍትላቸው፣ ከአሮጌዎቹ ፕላስቲኮች ሦስተኛውን፣ ካቻቢቴ ያልነካውን፣ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«መካኒኩ ልጅ ልክ ነው» አሉኝ። «ይሄኛው ግን እኮ ገና አላፈሰሰም ነበር።»