ዓሳ እንደ ጥጃ አይመረጥም

ወላሂ ብዬ ነው የምጀምረው፤ ከዚህ በታች ባለው ታሪክ ውስጥ ከኪሴ የጨመርኩት ነገር የለም። ከሚሴ ውስጥ ስሜ ሲነሳ ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ። የቦርከና ጎርፍ አንድ ግመል ከነጭነቱ ወስዶ በማግስቱ ከነጭነቱ መለሰ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ይኸኛውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጡት አባባ ጀይላን ሆኑ። አባባ ጀይላን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰንበቴ ገበያ ከብት የነገዱ፣ የጥጃ ትከሻ ዳሰስ አድርገው ምን ዓይነት ሰንጋ እንደሚወጣው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ጭናቸው ላይ ውሃ የሞላው ፌስታል ይዘዋል፤ ውስጡ ጣት የምታህል አምባዛ ዓሳ ትገላበጣለች። ለወጥ አነሰች ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

“ለዓፊያ ናት” አሉኝ።

እማማ ዓፊያ ባለቤታቸው ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተኙ ወራት አልፏል። ባልየው የሚስታቸው ዓይን የሚያርፍበት ነገር እንዲያገኝ ብለው ከደሴ አኳሪየም፣ ያንን የመስታወት የዓሳ ገንዳ፣ አስመጡላቸው። ሆኖም ዓሳ በገባ ቁጥር ይሞታል። አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ በተንሳፈፈ ቁጥር እማማ ዓፊያ “የእኔም ነገር ይኸው ነው” ይሉና የቀረበላቸውን ምግብ ይመልሳሉ። አባባ ጀይላን ይህን እየነገሩኝ የፌስታሉን አፍ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

መስጊዱ አጠገብ ዙቤይዳ ተሳፈረች። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዓሳ እርባታ አጥንታ ተመልሳለች። ፌስታሉን ስታይ ሰላምታዋን እንኳ አልጨረሰችም።

“አባባ፣ ይቺ ዓሳ አድጋ ስትጨርስ ምን ያህል እንደምትሆን አስበዋል?”

“አስቤ ነዋ፣ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ። አፏ ሰፊ፣ ጭንቅላቷ ደልደል ያለ። የምትፋፋ ዘር ናት። እኔ ኮስማና ገዝቼ አላውቅም።”

“ክንድዎን ታክላለች። ገንዳው የሚይዘው ደግሞ ሁለት ጀሪካን ውሃ ነው።”

“ዓሳ እንደ ቤቱ ነው የሚያድገው። ከጠበበው ያቆማል።”

ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እኔም ብዙ ሰው አሳምኜበታለሁ። ዙቤይዳ ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በትህትና አፈረሰችብን። ዓሳው ቢቀጭጭ እንኳ ታሞ ነው የሚቀጭጨው አለች። የሚበላበትም የሚጸዳዳበትም ያው አንድ ውሃ ነው፤ ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ ውስጡ መርዝ ይሆናል። አምባዛ ደግሞ አፏ የቻለውን ሁሉ ትውጣለች። እዚህ ላይ ጣልቃ ገብቼ፣ ጨፋ ረግረግ ውስጥ የባጃጅ ጎማ ከነካላማዳሪው የዋጠች አምባዛ አውቃለሁ አልኩ። ሹፌሩ ብቻ ሳቀልኝ።

አባባ ጀይላን አልተሸነፉም። በፊት ያስገቧቸው ወርቃማ ዓሳዎች ማንንም የማይነኩ ጨዋዎች እንደነበሩ፣ ውሃውንም በየቀኑ ደፍተው ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ እንደነበር ተናገሩ። እሷም፣ ወርቃማ ዓሳ ሲሸጥ ጣት ቢያህልም ኋላ ከመዳፍ እንደሚበልጥ፣ ውሃውን ጠቅላላ መድፋትም የለመዱትን ነጥቆ እንደሚያስደነግጣቸው መለሰች።

“በገዛሁበት ቀን እኮ ሁሉም ይበቃቸው ነበር” አሉ።

“አባባ፣ አንድ ሰው ከእርስዎ ጥጃዎች ሊገዛ መጥቶ፣ የት ታደልባለህ ሲሉት ዶሮ ቤት ውስጥ ቢልዎትስ?”

“አልሸጥለትም።”

“አሁን እኮ ጥጃ ናቸው፣ ይበቃቸዋል ቢልዎት?”

“ጥጃ ሆነው አይቀሩ! ከብት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ በረቱን…” ብለው ጀመሩና ጭናቸው ላይ ወዳለችው አምባዛ ዞሩ። ፌስታሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ባጃጁ ቤታቸው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የወረደ ግን የለም።

“እንግዲያ የሞቱት በኔ መረጣ ነው?” አሉ። “የዓፊያ ዕጣ አይደለም ነው የምትዪኝ?”

“አይደለም፣ አባባ። ገንዳው ጠቦባቸው ነው።”

“ገብተሽ ይህንኑ ለሷ ንገሪያት። ከኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው ትስማው።”

ገብታ ነገረቻቸው። አምባዛዋ ጨፋ ውስጥ ኩሬ ላለው ገበሬ ተሰጠች። ዙቤይዳ ገንዳውን ከነማጣሪያው ለሳምንታት ያለ ዓሳ አቆየችው፤ ጥቂት ጥቂት የዓሳ ምግብ ብቻ እየጣለችበት፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ውሃው ውስጥ እስኪበዙ ነው። ከዚያ አድገው ጨርሰው ከጣት አንጓ ብዙም የማይበልጡ ጉፒ የሚባሉ ዓሳዎች አስመጣች፤ ጥቂት፣ እንዳይዋለዱም ወንዶች ብቻ። አባባ ጀይላን አሁን በሳምንት አንዴ የውሃውን ሩብ ያህል ብቻ ክሎሪኑ እንዲተን ተቀድቶ ባደረ ውሃ ይተካሉ። ወጪው ቀነሰ፣ ሽታው ጠፋ፣ የሚሞት ዓሳም የለም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዓሳ ስትገዛ ዛሬ የምታየውን ትተህ ነገ የሚሆነውን ለካ፤ ገንዳህ የሚችለውን ቁጠር፣ ከዚያም ትንሽ ቀንስ።

እማማ ዓፊያም አንድ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉና እስከ ገንዳው ተራምደው ሄዱ።

እሺ፣ ይቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት። አልተራመዱም፤ ገና ናቸው። ገንዳውን ወደ አልጋው ያስጠጉት አባባ ጀይላን ናቸው። እማማ ዓፊያ ግን ቀና ብለው ለዓሳዎቹ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምግብ በተኑላቸው፤ አይተው አይተውም፣ “የኔስ ምሳ የት ደረሰ?” አሉ። ይኸኛው ወላሂ እውነት ነው።