ሥርጉት የጠበቀችው እሑድ

ባለፈው ጥቅምት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ተሸጎጥኩ። በቀኜ ጎረቤቴ ጋሼ ወርቅአገኘሁ ለሟች ሚስታቸው ለእትዬ ሥርጉት የአርባ ቀን ተዝካር የገዙትን ጧፍ ታቅፈዋል፤ በግራዬ ከመንፈሳዊ ኮሌጅ ተመርቀው በቅርቡ ወደ ደብራችን የመጡት ወጣቱ ቄስ ቴዎፍሎስ ተቀምጠዋል። አስተማሪ ነኝና ሰው ሲያወራ ጣልቃ መግባት ክፉ ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን አፌን ያዝኩ።

ጋሼ መስቀል ተሳልመው «ጎረቤቴም ይስማ» አሉና የሆዳቸውን አወጡ። በወጣትነታቸው በወሰን ክርክር በሐሰት ምለው የወንድማቸውን መሬት ወስደዋል፤ ወንድምየው ሳይታረቁ ሞቱ። እትዬ ሥርጉት ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እንቁረብ» እያሉ ለመኑ። ባልና ሚስት አብረው ነውና የሚቆርቡት፣ ያለ ባላቸው መቅረብ አልቻሉም። ጋሼ ደግሞ በጾም በስግደት እስክነጻ ብለው ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ሚስታቸው ሳይቆርቡ አረፉ።

«እንግዲህማ መቁረብ ጭራሽ አይገባኝም፣ አባቴ።»

«የሚገባው ማን አለ ብለው ነው?» አሉ ቄሱ በትሕትና። «የቀደሙት አባቶች ጸጋን የሥራ ደመወዝ አላሉትም፤ ሳይገባን የሚሰጠን ስጦታ ነው። ቅዱስ ቁርባኑንም መድኃኒት ብለውታል። የታመመ ሰው እስኪሻለኝ ልቆይ ብሎ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ይቀራል?»

«እንዲያማ ከሆነ ሰው እንደ ልቡ በድሎ ይቀርባላ።»

«የለም፣ ንስሐ አለ። የወንድምዎን ልጆች ይቅርታ ጠይቀው መሬታቸውን ይመልሱ። እግዚአብሔር እንዲወድዎ ብለው ግን አይደለም፤ አስቀድሞ ስለወደደዎ ነው።»

ጋሼ ጧፉን አዩ። «እሷሳ?»

ቄሱ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ምኞታቸውን እግዚአብሔር ያውቃል። በእኛ መዘግየት እሳቸውን አይመዝንም። እርስዎ ግን ገና በሕይወት አሉ።»

ጋሼ ጧፉ ላይ አቀርቅረው አለቀሱ። «ሳረጅ እቆርባለሁ» የምለው እኔም አፈርኩ።

ኅዳር ላይ መሬቱ ተመለሰ። ደጃቸውን ረግጠው የማያውቁ የወንድማቸው ልጆች መጥተው እህላቸውን አጨዱላቸው። ይህን ያዩ አንድ ወጣት ባልና ሚስትም እርጅናን ሳይጠብቁ ለመቁረብ ተዘጋጁ። እኔና ባለቤቴም ንስሐ ገባን።

ጋሼ በአንድ እሑድ ብቻቸውን ቆረቡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ ወደ ሴቶቹ መቆሚያ ዞር ብለው አዩ። ጸበል እስኪጠጡ አልተናገሩም። ከጠጡ በኋላ መጀመሪያ ያሉት አንድ ቃል ነው።

«አስጠበቅኋት።»