በገበያ ቀን መንገዱ አይረዝምም

ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ ነው። ረዳቱ ሐኪም ቤት የሚሄዱትን ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዞ፣ «አባቴ፣ ዛሬ ገበያ ስለሆነ ታሪፉ ጨምሯል፤ ካልሞላልዎ ይውረዱ» አላቸው።

«በሕግ አምላክ! እንዳትነካቸው!» አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት።

ሾፌሩ መኪናውን ቀጥ አደረገ። ካኪ የለበሰ ካድሬ ከፊት ወንበር ዞረ። እኛ መሬት መሬት አየን።

«ማነሽ አንቺ?»

«ጌሾ ሻጭ ነኝ፣ ጓድ።»

«በሕግ አምላክ የሚባለው አውቶብስ ውስጥ ነው?»

«ደሃ በሚገፋበት ሁሉ ነው። መንገዱ በገበያ ቀን ይረዝማል እንዴ?»

«ተይ ልጄ፣ በእኔ ጦስ እንዳትታሰሪ» አሉ ሽማግሌው።

«ብታሰርም እስር ቤቱ ደብረ ታቦር ነው። መንገዴ ነው፤ ለመሄጃው ከፍያለሁ።»

አንዱ ተሳፋሪ ሳቁ አመለጠው። ካድሬውም ከንፈሩን ነክሶ የራሱን ሳቅ ዋጠ።

«ረዳት፣ እሳቸው በወትሮው ታሪፍ ይሂዱ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጓድ፣ ዛሬ እሳቸው ቢሄዱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ደሃ ይወርዳል። በስብሰባ ሰፊው ሕዝብ የምትሉት እኮ እኛን ነው። ለሁላችንም ይበሉልን።»

ካድሬው አፍጥጦ ሲያያት ቆየ። እሷም አላቀረቀረችም።

«ሰማህ ረዳት? ለሁሉም በወትሮው ይሁን» አለና ወደ ፊቱ ዞረ።

ጠዋት ልጄን «ሰው ፊት አፍህን እንዳትከፍት» ብዬ ለምኜው የመጣሁት እኔ፣ ነጠላዬን ከአፌ ላይ ዝቅ አደረግሁ።