የሃያ ስድስት ደብተር ምክር

ሐኪሜ «በቀን አንድ ሰዓት በእግርህ ካልሄድክ ስኳርህ አይወርድልህም» ካለኝ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካ ተነስቼ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት እያማረርኩ እወጣለሁ። ካቻምና ሐምሌ ላይ እንደ ልማዴ እያማረርኩ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ካለች የቆርቆሮ ሻይ ቤት ዘው አልኩ። ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አፉ በሲባጎ የታሰረ ማዳበሪያ አለ። እኔ ደግሞ የተኮራረፈ ሰው ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ባለቤቴ ለዚህ ጠባዬ ስም አውጥታለታለች፣ እዚህ ግን አይጻፍም።

«ድንች ነው?» አልኩ ማዳበሪያውን እያየሁ።

«ደብተር ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሃያ ስድስት ደብተር። ወንድሜ እላይ መሬት አለው፤ እዚያ ወስጄ ላቃጥለው ስል ይኸው ዝናቡ አገተኝ።»

«ጌታ ይባርከው ዝናቡን» አለች ወጣቷ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌው አቶ ሠረቀብርሃን ይባላሉ። የካ ዳገት ላይ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪዎች አማካሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነው። በየዓመቱ አንድ ደብተር ሞልተዋል፤ የትኛውን ልጅ ምን እንዳስጨነቀው፣ ምን እንደ ተባለና ምን እንደ ረዳው ተጽፎበታል። ወጣቷ ጵርስቅላ ደግሞ የካ አባዶ ባለ ትምህርት ቤት አማካሪ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ስልጠና ተገናኝተው፣ በምሳ ሰዓት ወሬ መሃል ነው የእሳቸውን አሠራር የሰማችው። እኔም ሕሩይ እንደምባልና የአንድ ኮሌጅ የጥናት መጽሔት ቋንቋ አራሚ መሆኔን ነገርኳቸው።

ጵርስቅላ ብድግ አለች። «የጥናት መጽሔት? እንግዲያው ይፍረዱን! ልጆች ቢሮ ገብተው ፊት ለፊት ሲቀመጡ አይናገሩም። ጋሽ ሠረቀ ግን ከትምህርት በኋላ ከልጁ ጎን ለጎን እየሄዱ ነው የሚያማክሩት፤ ቁልቁል እስከ ታክሲው ድረስ። ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ልጁ ይናገራል። ይህን በጥናት ጽሑፍ እናውጣው ብላቸው ማዳበሪያ ተሸክመው ሸሹኝ።»

«አልሸሸሁም። ዳገት የሚወጣ ሰው ሸሸ አይባልም» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን። ሳቅ አልኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አቶ ሕሩይ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይስሙኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሰልፍ ላይ እየወደቀች ታስጨንቀን ነበር። ሳወጣጣት ለካ ቁርስ አትበላም፤ ቤታቸው የሚቀመስ የለም። ይህንኑ ጻፍኩ። ስሟን ደበቅሁ ብዬ በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ሐና ብዬ ጠራኋት።»

«ታዲያ ደበቁላት አይደል እንዴ?» አለች ጵርስቅላ፣ ግር ብሏት።

«እናንተ ፕሮቴስታንቶች ቤት የክርስትና ስም ስለሌለ ነው፣ ልጄ። እኛ ሰፈር ክርስትና የተነሳች ዕለት ድግሱን የበላ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ስትቆርብም የምትጠራው በዚሁ ነው። መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ እናቷ ቢሮዬ መጡ። አልተቆጡም። ‹የቤቴን ገመና አደባባይ አወጡብኝ› ብለው አልቅሰው ሄዱ። ልጅቷም ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሐፍረቱን እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። አሁን ደግሞ ሃያ ስድስት ደብተር ሙሉ የሰው ገመና ትቼ ልሙት? እሳት ይብላው፣ ልገላገል።»

እውነቱን ለመናገር በልቤ ለሽማግሌው ፈረድኩ። በሥራዬ ብዙ ጽሑፍ አይቻለሁ፤ የሰው ኀዘን የዲግሪ መወጣጫ ሲሆንም አይቻለሁ። ጵርስቅላ ግን የሻይ ብርጭቆዋን ወደ ጎን አድርጋ፣ ቀደም ብሎ ያልነበረ ለስላሳ ድምፅ አወጣች።

«ጋሽ ሠረቀ፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። አባዶ እንደ ደረስኩ በሬ ላይ ‹የምክር አገልግሎት› የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ ቁጭ አልኩ። በሁለት ዓመት የመጡልኝ አሥራ አንድ ተማሪዎች ናቸው። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ገና ሳትቀመጥ ጓደኞቿ በመስኮት አይተው ‹አበደች› አሏት። በነጋታው ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኳት፤ እንቢ አለች። ያን ጊዜ ያላነበብኩት የለም። ያገኘሁት ሁሉ ሌላ አገር የተጻፈ ነው፤ የተለየ ክፍል፣ የተለየ መግቢያ በር ላለው አማካሪ የሚሆን ነው። የእርስዎ መንገድ ግን እዚሁ፣ በሚኒባስ የሚደረስበት ቦታ ነበረ። የእርስዎ ልጅ የቀረችው እርስዎ ስለ ጻፉ ነው። የእኔዋ የቀረችው ግን እርስዎ ስላልጻፉ ነው።»

አቶ ሠረቀብርሃን ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ማዳበሪያውን ትንሽ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ገመና ሳይወጣ እንዴት ተደርጎ ይጻፋል?» አሉኝ።

ደስ አለኝ፤ የጠየቀ ሰው ግማሹን መንገድ መጥቷል ማለት ነው። «ደብተሩ ራሱ አይታተምም» አልኳቸው። «የሚታተመው ከደብተሩ የተማሩት ነው። ስንት ልጅ ቢሮ መጣ? ስንቱ መንገድ ላይ ተናገረ? ከዚያስ ምን ተለወጠ? ይህንንም ገና ሳትነኩት የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ ይፈቅዳል። የአንድ ልጅ ታሪክ የግድ ካስፈለገ ልጁም ወላጁም ይጠየቃሉ። ስሙ ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ ክፍሉም፣ ሰፈሩም፣ የወላጁ ሥራም ይቀየራል። ከዚያ ለራሳቸው ይነበብላቸዋል። ጎረቤት የሚያውቀው ነገር ከቀረ ይሰረዛል።»

«ያኔ እናቷን ጠይቄ ቢሆን ኖሮስ?»

«ምናልባት እንቢ ይሉዎት ነበር። ጽሑፉ ያለ እሳቸው ታሪክ ይወጣ ነበር፤ ልጅቷም ትምህርቷን አታቋርጥም ነበር።»

አንገታቸውን ደፉ። ጵርስቅላ ጨዋታውን ልታቀል ብላ መሰለኝ የራሷን ጉድ አወጣች፤ የመመረቂያ ጥናቷን አሳጥራ ለሦስት መጽሔቶች በአንድ ቀን ልካ ኖሯል። «ሥራ ሳመለክት እንደዚያ ነበር የማደርገው!»

«ሦስቱም እሺ ቢሉሽስ? አንድ ልጅ ለሦስት ባል ልትድሪ ነበር» አልኳት። «አንድ መጽሔት ትመርጫለሽ፤ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚቀበል፣ ስንት ገጽ እንደሚፈቅድ መመሪያውን ታነቢያለሽ፤ ልከሽ መልሱን ትጠብቂያለሽ። መግቢያሽስ እንዴት ነው የሚጀምረው?»

«ትምህርት ለአገር ዕድገት ያለው ሚና . . .»

«በቃ፣ ገባኝ። እሱን ሦስት ገጽ አውጥተሽ ጣይና ቀጥታ ከጥያቄሽ ጀምሪ። ለእኔ መጽሔት ግን እንዳትልኩ፤ አሁን ስለማውቃችሁ አይሆንም።»

አቶ ሠረቀብርሃን ነገሩ እየጣማቸው ሄደ። «ይታተም ብሎ የሚፈርደው ማነው?»

«ሙያውን የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች። ስማችሁን ሳያዩ ያነቡታል፤ እናንተም የእነሱን አታውቁም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት መሥራቴን ሳያውቁ?»

«ሳያውቁ።»

«ደፋሮች ናቸው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ከጵርስቅላ ጋር ቁልቁል ወረዱ።

ፈቃዱ፣ ቆጠራውና ጽሕፈቱ እስከ ታኅሣሥ ወሰደ። አንድ እናት ታሪኩ ከተነበበላቸው በኋላ እንቢ ስላሉ ከጽሑፉ በጣም የሚያምረው ገጽ ወጣ፤ አቶ ሠረቀብርሃን በገዛ እጃቸው ነው የሰረዙት። የካቲት ላይ ከመጽሔቱ መልስ መጣ። ከአስተያየቶቹ መካከል አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ልጆቹ የተናገሩት ስለ ተራመዱ ነው ወይስ አማካሪው የሚታመኑ ሰው ስለሆኑ ነው? በምን ታወቀ?»

አቶ ሠረቀብርሃን በስልክ የጮኹብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ማን ስለሆነ ነው የሚጠራጠረኝ!» አሉ። በሳምንቱ ደግሞ ራሳቸው ደወሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «አቶ ሕሩይ፣ ለመሆኑ በምን ይታወቃል? አስቤው አላውቅም እኮ። እኔ ነኝ ወይስ መንገዱ?»

ማወቂያው አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው ይሞክረው። ጵርስቅላ ኮሚቴውንም ወላጆችንም አስፈቅዳ ከትምህርት ቤቷ በር እስከ ሚኒባሱ ማቆሚያ ከተማሪዎቿ ጋር መሄድ ጀመረች። እሷ እንደ እሳቸው የረጋች አይደለችም፤ ወሬዋም እርምጃዋም ፈጣን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ልጅ ያየች አማካሪ፣ በአራት ወር አርባ ሦስት ልጆች አነጋገረች። አራቱ ግን ቢሮው ይሻለናል ብለዋል፤ ይህም ሳይደበቅ ተጻፈ። ጽሑፉ ተስተካክሎ ተመልሶ ተላከ፤ ዘንድሮ በጥቅምት ታተመ።

የጥቅሙን ነገር ካነሳን አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። መሪ ሰፈር የሚሠራ አንድ ዮፍታሔ የሚባል አማካሪ፣ አንዳችንም የማናውቀው ሰው፣ አንብቦ በራሱ ትምህርት ቤት ጀምሮታል። የተለየ ክፍል የሌለው ትምህርት ቤት አሁን ማማከሪያ ቦታ የለኝም ማለት አይችልም። ልጅም «አበደች» ሳትባል የልቧን ትናገራለች። በደብተር ውስጥ የነበረ ዕውቀት ሰው ሊፈትነው፣ ሊያርመው፣ ሊቀጥለው ወደሚችልበት ቦታ ወጥቷል፤ የማንም ገመና ግን አብሮት አልወጣም።

እኔ የማልረሳው ግን ባለፈው ሰኔ ጵርስቅላ የአርባ ሦስቱን ልጆች ውጤት ለአቶ ሠረቀብርሃን እቤታቸው ያነበበችላቸውን ዕለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የእኔ ችሎታ ነው ብለው ያሰቡት ነገር የእሳቸው አለመሆኑን ሲሰሙ ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው ደግመው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው እኔ አልነበርኩማ!» አሉ። «እኔ ጡረታ ስወጣ ዘዴውም አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ ነበር እኮ።»