የመቶ ሃያ ስምንቱ ሰውዬ

እስቲ ቀጥ በይ እናትዬ፣ ሽርጡን ልለካልሽ። አክስትሽ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ የተገዛ ሽርጥ አድርገሽ ቀለም ሱቅ አትቆሚም። ክንድሽን አንሺ… በሩን ተይው፣ ይሞቃል። አባትሽ እንደሆነ ሳሎን ጋዜጣውን ይዟል፣ እኛን የት ሰምቶ።

ስሚማ፣ አንድ የማውቀው ሰውዬ አለ። ኧረ እዚህ ሰፈር አይደለም፣ ሩቅ ነው። ጭንቅላቱ እንዴት ያለ መሰለሽ? ልጅ ሳለ የአእምሮ ፈተና ተፈትኖ መቶ ሃያ ስምንት አመጣ። ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት ያቺን ቁጥር ሲያቆላምጥ… ከወለዳት ልጅ አብልጦ አሳደጋት ብልሽ ይቀላል።

ሴት ልጁ ደግሞ በቀደም ተፈተነች፤ መቶ ሃያ አንድ። ኮሌጅም ተቀብሏታል። እሱ ግን አስተዋይ አይደል? «በሰባት ታንሰኛለች፤ የዘንድሮ ልጅ ጭንቅላት የለውም፣ ሱቅ ትቁም» አለ። አባት እንዲህ ነው እንጂ… ልጁ እንዳትደክምበት የሚሳሳ።

ፈታኟ ናት ክፉ። «ጋሼ፣ ነጥቡ የሚሰጠው ከእኩዮችዎ ጋር ተነጻጽሮ ነው። የዛሬ ልጆች ከያኔዎቹ የበለጠ ስለሚመልሱ ፈተናው ከብዷል። የያኔው መልስዎ ዛሬ ቢታረም ከልጅዎ ያንሳል» አትለውም? ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ ይነገራል?

«አምጪው፣ እኔው ልፈተን» ብሎ ቁጭ አለ። ገና ከመጀመሪያው ገጽ… መነጽሩ ከዳው። መነጽሩ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በዚያው መነጽር ከመንገድ ማዶ የባላንጣውን ሱቅ ዋጋ አንድ በአንድ ያነባል፤ የፈተና ፊደል ግን ሌላ ነው፣ ዓይን ያደክማል። እርሳሱም ቢሆን ደህና እርሳስ አልነበረም አሉ። እኔ አልፈርድበትም።

ዙሪ፣ ጀርባሽን ልየው… ጋዜጣው መገለጡን ተወ አይደል? ደህና ወሬ አግኝቶ ይሆናል።

የኮሌጁ ምዝገባ ነገ ይዘጋል። ሰውዬው እንደሆነ ሐሳቡን አይለውጥም። ለምን ይለውጣል? ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ ሐሳብ የኖረ ሰው፣ ምን ጎድሎበት?

ብቻ እኔ ክፉ አልመኝም። እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ልጅቷ ተምራ፣ ተመርቃ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ያንን የፈተናውን የመጀመሪያ ገጽ እስክታስረዳው ያቆየው። አንዴ ተነግሮት ባይገባውም… ደጋግማ እንድትነግረው ትዕግስቱን ይስጣት። አሜን በይ፣ እናትዬ።