እጁ ላይ የተቀመጠው ሰው

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ፣ ሥራ ጥላችሁ የመጣችሁ ጀልበኞች፤ እንደምን ዋላችሁ አልላችሁም። እንዴት እንደዋልን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወረቀት ይዤ ነበር፤ መስመሩ እየጠፋብኝ ማንበብ አቃተኝ። ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ፈርቼ ነው።

አዎ፣ ፈርቻለሁ። ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ።

እኔ ግድቡ ላይ የውሃውን ከፍታ የምለካ ሰው ነኝ። እሱ የስልክ ቤት ጡረተኛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ተወዳጅተናል። እናንተ «ጆሮ» እያላችሁ ነው የምትጠሩት። ሬዲዮ ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ሲነካካ የሚውል፣ ከሱና ከኔ በቀር እዚህ ማን ነበር?

ያቺን ትንሽ ሳጥን ታውቋታላችሁ? አንቴናውና ሬዲዮው መሀል የምትገባዋን፣ የክብሪት ቀፎ የምታክለዋን? ማጉያ ናት። ከሩቅ የሚመጣ የደከመ ድምፅ በሬዲዮው በራሱ «ሽ» የሚል ጩኸት ሳይዋጥ በፊት ከፍ ታደርገዋለች። በእጁ ነው የሠራት። ሦስት ሳምንት አሳሩን አሳየችው! ክዳኗ ሲከፈት ጸጥ። ክዳኗ ሲዘጋ ፉጨት። ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ። እትዬ፣ ያስታውሳሉ? «ወይ እሷን ወይ እኔን ምረጥ» ቢሉት «እሷ እስክትድን ታገሺኝ» አላለዎትም? በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ? አንዲት የመሬት ሽቦ ጥፍር ያህል ረዝማ። ቆረጣት። ፉጨቱ ወዲያውኑ ጠፋ።

በማግስቱ እኔ አበላሸሁበት። ውሃ ሊያመጣ ወጣ ሲል ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና የመናገሪያውን ቁልፍ ጫንኩ። «እንደምን አደራችሁ!» አልኩ ለሰማይ ለምድሩ። ስንናገር ሳጥኗን ከመንገድ ዞር የሚያደርጋት ማቀያየሪያ ገና አልተገጠመም ነበር። የሬዲዮው ጉልበት ሁሉ እሷ ላይ ሄደ። ድምፁን የምታጎላው ትራንዚስተሯ ተቃጠለች። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፤ ዝም ብላ ደነቆረች። ገብቶ አውራ ጣቴን አየና «አይ ያንተ ነገር! በሰላምታ ገደልካት» አለኝ።

ሌላ ትራንዚስተር ከአሮጌ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ አወጣ። የነበረችው እሷ አንዷ ብቻ ናት። ለሙከራ ብሎ የአንቴናውን ገመድ በቀጥታ ሳጥኗ ላይ በየደው። ቶሎ ነቅለህ ቶሎ የምትመልሰው ነገር አልነበረም። «እንግዲህ ማቀያየሪያው እስኪገባ መስማት ብቻ ነው። ቁልፉን የነካ ወዮለት» አለ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መለኪያዬን ላነብ በጀልባ ወጣሁ። ጀልበኛው ያውና፣ እዚያ ቆሟል። መሀል ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ጉም ወረደ። የጀልባዋን አፍንጫ እንኳ ማየት አቃተን። ዝናቡ የበረታበት ሰሞን ስለነበር የግድቡ በር ተከፍቷል። ውሃው ይጎትተናል። ወዴት እንደሚጎትተን አናይም፤ ግን እንሰማለን። ውሃ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ሲወርድ እንዴት እንደሚጮኽ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

ጀልበኛው መቅዘፊያውን ይዞ ይታገላል። «ወንድሜ፣ አንተ ተናገር፤ እኔ ልቅዘፍ» አለኝ። የእጅ ሬዲዮዬን አወጣሁ። ጠራሁ። መልስ የለም። ጠራሁ። መልስ የለም። አርባ ደቂቃ! ሳጥኗ መናገር እንደማትችል አታውቅም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አውቅ ነበር። ነፍሱ ልትወጣ ያለች ሰው ይህን ያስባል እንዴ? አለቀስኩ። የልጆቼን ስም ጠራሁ። ሰደብኩት፣ አዎ፣ ይህን ሰው ሰደብኩት! «ያ ጆሮ የሚሉት ሰውዬ የት ገባ? ጆሮው ይደፈን!» አልኩ። ከዚያ በጉሙ መሀል አንድ ነገር ታየኝ። «የደረቀ ዛፍ አለ፣ ግማሹ የተቃጠለ፣ ሥሩ ቀይ በርሜል ታስሯል» አልኩ። ባትሪዬ ሞተ።

ብዙም ሳይቆይ የግድቡ ጥበቃዎች ጀልባ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ገመድ ወረወሩልን።

እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር በቀጥታ ልጣላው ቤቱ ሄድኩ። እንዴት አገኘሁት መሰላችሁ? ለጥበቃዎቹ የደወለበትን ስልክ ገና አልዘጋም፤ በትከሻውና በጉንጩ መሀል ይዟል። በግራ እጁ እርሳስ ጨብጧል። ቀኝ እጁን ደግሞ ተቀምጦበታል። ወረቀቱ ላይ ያልኩት ሁሉ አለ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሑፍ። ስድቤም ሳይቀር ከነሰዓቱ!

«ለምን አልመለስክልኝም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ብመልስልህ አንተ ትጽናና ነበር፤ እኔ እደነቁር ነበር። ዛፉን ማን ይስማልህ?»

«አንድ ቃል እንኳ?»

«አንድ ቃል ትበቃታለች። ያንተ ሰላምታ በቅቷት የለ?»

ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ስታለቅስ እጄ አልታዘዝ ሲለኝ ተቀመጥኩበት» አለኝ። «ትሰምጣለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ በላይ ግን የሚሰማኝ የለም ብለህ ዝም እንዳትል ፈራሁ። ያኔ ምን አደርግ ነበር?» ይህን ብሎ ተንሰቀሰቀ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈን አለቀስን።

ማቀያየሪያውን ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጀልባ በወጣ ቁጥር እዚያ ወንበር ላይ ነበር። ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁን ሰማ? ስንቶቻችሁ ናችሁ ዛሬ በእግራችሁ ቆማችሁ የምትቀብሩት?

ሆስፒታል ሳለ «አንተ ቁጭ በልላቸው» አለኝ። «አልችልም» አልኩት። «መቀመጥ የማይችል ሰው አለ እንዴ?» አለኝ፣ በዚያ በደከመ ድምፁ።

እሱ እየቀለደ ነበር፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። ማቀያየሪያው አርጅቷል። አንዳንዴ ቀጭ ይልና ሳይዞር ይቀራል። ትናንት ከፈትኩት። መበየጃውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ብሳሳት ያቺ ትራንዚስተር ትቃጠላለች። ምትክ የላትም። የሚጠግናት ሰው ደግሞ ይኸው፣ አፈር ልናለብሰው ነው። ነገ ጀልባ ይወጣል። ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈርቻለሁ። በጉም ውስጥ ከፈራሁት በላይ ፈርቻለሁ፤ ያኔ የሚጠፋው የኔና የጀልበኛው ነፍስ ብቻ ነበር።

ጀልበኞች፣ እባካችሁ ስሙኝ። እስክጠግናት ድረስ ቁልፉን አልነካም። ትጠሩኝና መልስ ታጡ ይሆናል። የለም እንዳትሉ። የምታዩትን ንገሩኝ። ዛፍም ቢሆን፣ ድንጋይም ቢሆን። ስደቡኝ፣ ግድ የለም፣ እጽፈዋለሁ። ብቻ ዝም እንዳትሉ፤ በሞቴ፣ ዝም እንዳትሉ!

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። አርባ ደቂቃ ሙሉ ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር፤ ብቻዬን አልነበርኩም። ስለዚያ ሳላመሰግንህ ቀረሁ፤ አመሰግናለሁ። በሰላም ሂድ። ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ጀልባ ትወጣለች፤ እየፈራሁም ቢሆን እቀመጥላቸዋለሁ።